በመመሪያና በመዝገብ ላይ ቀንና ሰዓትን አጥርቶ ስለ መጻፍ

ለሥራ የሚጻፍ ወረቀት ሁሉ ሦስት ነገር መናገር አለበት፤ ይኸውም ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼም እንደሚሠራ ነው። መጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጸሓፊ ሁሉ ይጠነቀቅባቸዋል። የዘሩን ዓይነት አሳስቶ የጻፈ እንደ ሆነ ተቀባዩ ወዲያው ያውቅበታል፤ የሹሙንም ስም ያጣመመ እንደ ሆነ ወቀሳ ያገኘዋል። ሦስተኛው ግን በቍጥር ብቻ ስለሚጻፍ፣ ቍጥርም ሁሉ እውነት መስሎ ስለሚታይ፣ ስሕተቱ ሳይገለጥ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የሚገለጠውም መድኃኒቱ ከተበላሸ፣ ዘሩ ያለ ወቅቱ ከተዘራ፣ ወይም ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

የእርሻ መመሪያ ደግሞ የሚበዛው ነገሩ ስለ ጊዜ ነው። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ተባይ ማጥፊያ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚታጨድ፣ የከብት ክትባት እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይናገራልና። የጊዜው አጻጻፍ የጠራ ካልሆነ የቀረው ቃል ሁሉ ምንም ያማረ ቢሆን ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ በኢትዮጵያ የሚያሳስትባቸው መንገዶች ከዚህ ቀጥሎ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፤ በመጨረሻውም ሊጠበቅ የሚገባው ደንብ ተጽፏል።

1ኛ፤ ስለ ዓመተ ምሕረትና ስለ ኤውሮፓ ዓመት

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር አለው። 12ቱ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፤ 13ኛዋ ጳጕሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን 6 ቀን ናት። ከኤውሮፓ፣ ማለት ከጎርጎርዮስ፣ አቆጣጠር ጋር ያለው የዓመት ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ የኤውሮፓ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ 7 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ 8 ነው። ይህን የማያውቅ ሹም የለም። ነገር ግን ማወቅ ሌላ ነው፤ በወረቀት ላይ መግለጽ ሌላ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ አቆጣጠሮች እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ ነው። የእስላም ዘመን አቆጣጠር 1445 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ቍጥሩ ራሱ ስለሚለይ ማንም አይሳሳትበትም። 2016 የሚለው ግን በኢትዮጵያም ዘንድ እውነተኛ ዓመት ነው፤ በኤውሮፓም ዘንድ እውነተኛ ዓመት ነው። ስለዚህ አንባቢው የተሳሳተውን ሲያነብ የሚያስጠረጥረው ነገር አያገኝም።

ለምሳሌ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ዘር ተረክቦ በመዝገቡ ላይ 5/11/2016 ብሎ ጻፈ እንበል። የኢትዮጵያ ነው ብሎ ያነበበው ሰው እውነቱን ያገኛል፤ ይህም በኤውሮፓ ጁላይ 12 ቀን 2024 ነው። የኤውሮፓ ነው ብሎ ቀኑን አስቀድሞ ያነበበው ኖቬምበር 5 ቀን 2016 ይላል፤ ይህም ጥቅምት 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካኖች ልማድ ወሩን አስቀድሞ ያነበበው ደግሞ ሜይ 11 ቀን 2016 ይላል፤ ይህም ግንቦት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንዱ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሆነ፤ በፊተኛውና በኋለኛው መካከልም ከ8 ዓመት የበለጠ ጊዜ አለ። ዘሩ አዲስ ሳለ አርጅቷል ተብሎ ሊጣል ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ተቃራኒው ነው። ከውጭ አገር የመጣ መድኃኒት በዕቃው ላይ ጊዜው የሚያልፈው በ10/2017 ነው የሚል ቃል አለበት እንበል። ይህ የኤውሮፓ ኦክቶበር ስለ ሆነ መድኃኒቱ ጥቅምት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. አብቅቶለታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበው ሠራተኛ ግን 10ኛው ወር ሰኔ ነው ብሎ እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በመደርደሪያው ላይ ያቆየዋል፤ ለገበሬውም ይሰጠዋል። የተጨመረው ዕድሜ 7 ዓመት ከ8 ወር ያህል ነው። የኤውሮፓው ዓመት ቍጥር ምንጊዜም ከኢትዮጵያው ስለሚበልጥ ስሕተቱ የታወቀ መንገድ አለው፤ የውጭው ቀን እንደ አገር ቤት ሲነበብ የሞተውን ዕቃ ሕያው ያስመስለዋል፤ የአገር ቤቱ ቀን እንደ ውጭ ሲነበብ ሕያው የሆነውን ዕቃ የሞተ ያስመስለዋል። የመጀመሪያው ሰውንና ከብትን ይጎዳል፤ ሁለተኛው የመንግሥትን ገንዘብ ያጠፋል።

ዓመቱን ለመለየት የሚጨመረው ምልክትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ሲባል እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው፤ እ.ኢ.አ. ሲባል ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ቅጥያ ብቻ ነው፤ ቀለሙ የደከመ ወይም በፎቶ ኮፒ ደጋግሞ የተገለበጠ ወረቀት ላይ ይህ ቅጥያ ይጠፋል። በእንግሊዝኛ በሚጻፉት ወረቀቶች ላይ የሚታየው ኢ ሲ የሚለው ምልክትም የኢትዮጵያ ለማለት ሲሆን፣ ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ሰው የኤውሮፓ ማለት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ለኢትዮጵያው ዓ.ም.፣ ለኤውሮፓው ደግሞ እ.ኤ.አ. ብሎ መወሰን፣ እ.ኢ.አ. የሚለውንም ፈጽሞ መተው ይሻላል።

2ኛ፤ ስለ ወር ስምና ስለ ምርት ዘመን

ከባዕድ ቋንቋ የሚተረጕሙ ሰዎች ጁን የሚለውን ሰኔ፣ ጁላይ የሚለውን ሐምሌ ብለው ይጽፋሉ። ይህ ለወሬ ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። የአየር ጠባይ ትንበያ ወሩን በሦስት ከፍሎ በየ10 ቀኑ ይናገራል። የጁን የመጀመሪያው 10 ቀን ማለት ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 3 ያለው ነው። የሰኔ የመጀመሪያው 10 ቀን ማለት ግን ከጁን 8 እስከ ጁን 17 ነው። በሁለቱ መካከል የ7 ቀን ልዩነት አለ። ክረምቱ ሲገባ እርጥበቱን ተከትሎ ለሚዘራ ገበሬ አንድ ሳምንት ብዙ ነው፤ ቀድሞ የዘራው በደረቅ መሬት ላይ ይቀርበታል፤ ዘግይቶ የዘራውም ዝናቡ ሲያቆም ሰብሉ አይደርስለትም።

የምርት ዘመንም እንዲሁ ነው። 2016/17 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ በኢትዮጵያ 2016 እና 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ በኤውሮፓ 2016 እና 2017 ነው? የቀድሞው የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የእርሻ ናሙና ጥናቱን ሲያትም የኤውሮፓውን 2016/17 ጽፎ አጠገቡ 2009 ዓ.ም. ብሎ ይጨምር ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ አንዱ ቍጥር ሌላውን ይጠብቀዋልና።

ሩብ ዓመት የሚለውም ቃል መነሻው ካልተነገረ ያሳስታል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለ ሆነ የመጀመሪያው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጕሜንንና መስከረምን የያዘ ነው። እርሱም 95 ቀን፣ ጳጕሜን 6 በሆነችበት ጊዜ 96 ቀን አለው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሩቦች ግን 90 ቀን ብቻ ናቸው። የወተትን ወይም የክትባትን የየቀኑን ልክ አስልቶ ሩብን ከሩብ የሚያወዳድር ጸሓፊ ይህን ያልቈጠረ እንደ ሆነ፣ ሥራው ሳይጨምር የጨመረ ይመስለዋል።

3ኛ፤ ስለ ሰዓት

በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ነው። በውጭ አገርና በመኪና በተሠሩ መሣሪያዎች ዘንድ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቈጠራል፤ ልዩነቱም 6 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ሦስተኛ አለ፤ የዓለም የአየር ጠባይ ጣቢያዎች መልእክት የሚለዋወጡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ክልል ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል።

የዝናብ መለኪያን ብንመለከት ነገሩ ይገለጣል። መለኪያው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል። ይህ ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 9፣ በዓለም አቀፉ ደግሞ 6 ነው። አንድ ቅጽበት 3፣ 9 እና 6 የሚሉ ሦስት ስሞች አሉት ማለት ነው፤ ሦስቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊነበቡ የሚችሉ ናቸው። መመሪያው ከባዕድ ቋንቋ በችኰላ ተተርጕሞ በ9 ሰዓት ይነበብ የሚል እንደ ሆነ ጠባቂው ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ያነበዋል። በ6 ሰዓት ይነበብ የሚል እንደ ሆነ በቀትር ያነበዋል። ጠባቂው ትእዛዙን አክብሯል፤ የተጻፈው መዝገብ ግን ከጎረቤት ጣቢያ መዝገብ ጋር አይስማማም።

ደግሞም ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነበበው ውሃ የዛሬ ዝናብ አይደለም፤ ከትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የወረደው ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚወርድ፣ የተለካው ውሃ በእውነቱ የትናንት ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ራስ ላይ ቀኑ የተነበበበት ነው ወይስ የዘነበበት ነው የሚለው መጻፍ አለበት። ይህ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ሁለት ወረዳዎች ስለ አንድ ዝናብ ሲጽፉ ሁለት ቀን የዘነበ ይመስላል።

የእጅ ስልክና ካሜራ በሥዕል ላይ በራሳቸው የሚያትሙት ቀንና ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኤውሮፓ ነው። በአንበጣ ወይም በበረዶ የተጎዳ ማሳ ሥዕል ከደብዳቤ ጋር ሲላክ፣ በሥዕሉ ላይ ያለውና በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የተለያየ ሆኖ እንዳያጠራጥር በደብዳቤው ውስጥ አንድ ቃል መጨመር ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ሌሊት

ሰኞ ሌሊት በ8 ሰዓት የሚለው አነጋገር የትኛው ሌሊት ነው? የሰኞ ቀን ከመሸ በኋላ ያለው ነው የሚል አለ፤ ሰኞ ከመንጋቱ በፊት ያለው ነው የሚልም አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት ከምሽት ስለሚጀምር ሌሊቱ ለሚከተለው ቀን ይቈጠራል። በውጭው አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ሰኞ መሽቶ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ማክሰኞ ሆኗል።

ውርጭ ሰብል የሚመታው ሊነጋ ሲል ነው፤ ጎርፍም፣ የመጋዘን እሳትም፣ የአውሬ ጉዳትም ብዙ ጊዜ በሌሊት ይደርሳል። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ቀን ስሕተት ብቻ አይምሰል፤ የጉዳት ካሳ ሲጠየቅና ምስክር ሲሰማ በዚህ ላይ ክርክር ይነሣል። መፍትሔው ግን በቋንቋው ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ማንም ሊሳሳት አይችልም፤ የሄደውም ቀን የሚመጣውም ቀን በአንድ ላይ ተጠርተዋልና። በቍጥርም ሐምሌ 1 ለሐምሌ 2 አጥቢያ ማለት ይቻላል።

5ኛ፤ ስለ ጊዜ ርዝመት

በአማርኛ ሰዓት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የቀኑን ቦታ ያመለክታል፤ የጊዜንም ርዝመት ያመለክታል። በተባይ ማጥፊያ ዕቃ ላይ ከ12 ሰዓት በኋላ ወደ ማሳው መግባት ይቻላል የሚል ትእዛዝ ቢኖር፣ አንዱ መድኃኒቱ ከተረጨ 12 ሰዓት ሙሉ መቆየት አለበት ብሎ ይረዳዋል። ሌላው ግን ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን መግባት ይቻላል ብሎ ይረዳዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት የረጨ ገበሬ በዚህ በሁለተኛው አሳብ 3 ሰዓት ብቻ ቆይቶ ልጆቹን ለአረም ያስገባል ማለት ነው። ቃሉ አልተሳሳተም፤ ሰውየውም አላመፀም፤ ጸሓፊው ግን ሁለት በር ከፍቶ ትቷል። ርዝመት ሲፈለግ 12 ሰዓት ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ቦታ ሲፈለግ ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን ብሎ መጻፍ አንዱን በር ይዘጋዋል።

የቀን ቍጥርም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ልማድ የዛሬ ስምንት ሲባል ከ7 ቀን በኋላ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ሲባል ከ14 ቀን በኋላ ማለት ነው፤ የተነሡበት ቀን ራሱ ስለሚቈጠር ነው። የውጭ ሊቃውንት የሚጽፉት መመሪያ ግን የመነሻውን ቀን ብዙ ጊዜ ዜሮ ብሎ ይጀምራል። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ከጉለሌ ምሳሌ ይታያል።

6ኛ፤ የጉለሌ ምሳሌ

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ፓስተር በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ይህም በ1885 እ.ኤ.አ. (1877 ዓ.ም.) የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በሰው ላይ ከሞከረው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር የመጣ ስም ነው። ስፍራው ለረጅም ዘመን የዚህ በሽታ መመርመሪያ ሆኖ አገልግሏል። የዚህ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማዳኛው በጊዜው መድረስ ብቻ ነው።

በእብድ ውሻ የተጠረጠረ ነክሶ እንደ ሆነ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ይባላል። የተነከሰው ሰው ግን የውሻውን መጨረሻ ሳይጠብቅ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ክትባት መጀመር አለበት። ክትባቱም በ0፣ በ3፣ በ7 እና በ14 ቀን፣ አምስት ጊዜ በሚሰጠው ሥርዓት ደግሞ በ28 ቀን ይሰጣል። መጀመሪያው መርፌ ሰኞ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሰጠ እንደ ሆነ ይህ ቀን 0 ነው። ሁለተኛው ሐሙስ ሐምሌ 4፣ ሦስተኛው ሰኞ ሐምሌ 8፣ አራተኛው ሰኞ ሐምሌ 15፣ አምስተኛው ሰኞ ሐምሌ 29 ይሆናል። በአገር ልማድ መነሻውን 1 ብሎ የቈጠረ ሰው ግን 3ኛው ቀን ሐምሌ 3 ነው ይላል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይዛባል። የውሻውም 10 ቀን እንዲሁ ነው፤ ሰኞ ሐምሌ 1 ከጠዋቱ 4 ሰዓት የነከሰ ውሻ ሙሉውን 10 ቀን የሚፈጽመው ሐሙስ ሐምሌ 11 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሐምሌ 10 የፈታው ሰው ጥበቃውን አልፈጸመም።

ውሻው በመካከሉ ሞቶ ናሙናው ለምርመራ ሲላክ አብሮት የሚሄደው ወረቀት በ8 ሰዓት ሞተ የሚል ብቻ እንደ ሆነ፣ የቀኑ 8 ነው ወይስ የሌሊቱ 8 የሚለው አይታወቅም፤ በመካከሉም 12 ሰዓት አለ። ናሙና ያለ በረዶ የቆየበት ጊዜ ለመርማሪው ትልቅ ነገር ነው፤ የበሰበሰ ናሙና እውነተኛ መልስ አይሰጥምና። ስለዚህ የነከሰበት፣ የሞተበትና ናሙናው በበረዶ የተቀመጠበት ቀንና ሰዓት እያንዳንዱ ለብቻው መጻፍ ይገባል።

በዚያው በጉለሌ በኩል፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ ስለ ቀን አጻጻፍ ጥሩ ልማድ አላቸው። ቅጠሉንና አበባውን አድርቀው በወረቀት ላይ ሲለጥፉ፣ የተለቀመበትን ቀንና ዓመት በተለመደው ቍጥር፣ ወሩን ግን በሮማ ቍጥር ይጽፋሉ። እንዲህ ሲሆን ቀኑ ከወሩ ጋር ሊምታታ አይችልም። የተለጠፈው ተክል ብዙ ዘመን ስለሚቆይ፣ የለቀመው ሰው ከሞተ በኋላ የሚያነብ ሰው ሊጠይቀው የሚችል የለም፤ ወረቀቱ ብቻውን መናገር አለበት። የመንግሥት መዝገብም ከዚህ የተለየ አይደለም።

7ኛ፤ የጥንት ጸሓፍትና የዛሬው ደረጃ

የባሕረ ሐሳብን ትምህርት የሚያውቁ የጥንት ጸሓፍት ቀንን ሲጽፉ አንድ ቍጥር ብቻ ጽፈው አያልፉም ነበር። ዓመተ ዓለም ነው ወይስ ዓመተ ምሕረት የሚለውን ይለያሉ፤ ወንጌላዊውን ይጠራሉ፤ ዕለቱንም ይጨምራሉ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ከነዚህ አንዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሌሎቹ ይመሰክሩበታል። ከላይ የተነገረው 5/11/2016 ዓርብ የሚል ቃል ቢጨመርበት ኖሮ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ብቻ በቀረ ነበር፤ ኖቬምበር 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ቅዳሜ፣ ሜይ 11 ደግሞ ረቡዕ ነበርና።

የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በበኩሉ በ1988 እ.ኤ.አ. (1980 ዓ.ም.) ስለ ቀንና ሰዓት አጻጻፍ ደረጃ ቍጥር 8601 የተባለውን አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ታርሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ታትሟል። በዚህ ደረጃ መሠረት ዓመቱ በአራት አኃዝ ይቀድማል፤ ወሩ ይከተላል፤ ቀኑ መጨረሻ ይሆናል። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ይቈጠራል፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለው ርቀት፣ ለኢትዮጵያ +03:00 የሚለው፣ በመጨረሻው ይጨመራል። ትልቁ ከትንሹ ስለሚቀድም መዝገብ በተራ ለመደርደር ይመቻል።

ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህ ደረጃ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። የኢትዮጵያን ቀን በዚህ ልብስ አልብሶ 2016-11-05 ብሎ መጻፍ ደረጃን ማክበር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ማንም የውጭ ሰው፣ ማንም ኮምፒዩተር ኖቬምበር 5 ቀን ብሎ ያነበዋል። ጳጕሜን 13 ተብላ ስትገባ የውጭው መሣሪያ አይቀበላትም፤ ጥቅምት 30 ቀንም 30/2 ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። የተመለሰው ይሻላል፤ ስሕተቱ ታውቋልና። የሚያስፈራው ሳይጠይቅ የሚቀበለው ነው።

ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲመልሱም በቃል በሚያዝ ልማድ ብቻ መመካት አይገባም። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በኤውሮፓ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ምክንያቱም በጎርጎርዮስ ሥርዓት 1900 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን ስላልጨመረ ነው። ስለዚህ የጥንት የዝናብ፣ የግብር ወይም የመሬት መዝገብ ሲመረመር በዘመኑ የነበረው ልዩነት መታየት አለበት። በ2100 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንደዚያው ስለሚሆን ልዩነቱ ዳግመኛ አንድ ቀን ይጨምራል።

8ኛ፤ ሊጠበቅ የሚገባው ደንብ

1. በመመሪያና በመዝገብ ራስ ላይ የየትኛው ዘመን አቆጣጠርና የየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ አንድ ጊዜ በግልጥ ይጻፍ። ለምሳሌ፤ ቀኑ ሁሉ በዓ.ም.፣ ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው።

2. የኢትዮጵያ ወር በስሙ ይጻፍ እንጂ በቍጥር አይጻፍ። ዓመቱም በአራት አኃዝ ይሁን።

3. በውጭ አገር ለሚነበብ ወረቀት የኤውሮፓው ቀን በዓለም አቀፉ ደረጃ ተጽፎ የኢትዮጵያው አጠገቡ ይሁን፤ በኢትዮጵያ ቀን ግን የደረጃውን ቅርጽ አይጠቀሙ።

4. የሚያስቸኵል ወይም ዋጋው የከበደ ነገር ሲሆን የዕለቱ ስም፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ተብሎ፣ ከቀኑ ጋር ይጨመር።

5. ሰዓት ያለ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ሌሊት ብቻውን አይጻፍ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለው ነገር ሁሉ አጥቢያ በሚለው ቃል ይገለጥ።

6. የጊዜ ርዝመት ሲታዘዝ መነሻውና መድረሻው በቀንና በሰዓት ይጻፍ፤ 10 ቀን ይጠበቅ ከማለት እስከዚህ ቀንና ሰዓት ይጠበቅ ማለት ይበልጣል።

7. ዛሬ፣ በያዝነው ወር፣ በዚህ ዓመት፣ ባለፈው ሳምንት የሚሉት ቃሎች በመመሪያ ውስጥ አይግቡ፤ ወረቀቱ በሚነበብበት ቀን ትርጕማቸው ተለውጦ ይገኛልና።

8. ከውጭ የመጣ መድኃኒት፣ ክትባትና ዘር በመጋዘን ሲረከቡ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ወደ ዓ.ም. ተመልሶ በጕልህ ቀለም በካርቶኑ ላይ ይጻፍ፤ የፋብሪካው ጽሑፍ ግን አይሸፈን።

9. ለገበሬው በቃል ሲነገር ቀኑ እርሱ በሚያውቀው ምልክት ይደገፍ። ሰኔ 12፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት ቢባል በክርስቲያን አገር የሚረሳው የለም፤ የአካባቢው የገበያ ቀን ግን ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የጋራ ነው።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም አዲስ ገንዘብም፣ አዲስ ሠራተኛም፣ አዲስ መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ቀን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቃል መጨመር ነው። ጸሓፊው በዚህ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሳይጽፈው የቀረ እንደ ሆነ ግን ያንኑ ቃል ለማግኘት አንባቢው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል፣ ሰው ይልካል፤ ወይም ከዚህ ሁሉ የሚከፋው፣ ሳይጠይቅ በገዛ ግምቱ ይሠራል። ሹም የሆነ ሁሉ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን እርሱን የማያውቅ፣ አገሩንም የማያውቅ ሰው እንደሚያነበው አድርጎ ይመልከት። እንዲህ ያለው አንባቢ ሳይጠይቅ የተረዳው ወረቀት፣ የወረዳው ገበሬም ሳይጎዳበት የሚሠራበት ወረቀት ነው።